ጨረር ቆጣሪው ሣጥን በሐጂ ይማም ጣራ ላይ

ደሴ ደርሼ ሐይቅን አላየሁም፤ ሙዚየሙንም አላየሁም። የጦሳን ተራራ እንኳ ጉሙ ገልጦ ያሳየኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የጉብኝት መመሪያ የሚጠብቅ አንባቢ ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ። የምተርከው ስለ አንድ ግራጫ ሣጥንና ሰባት ቀን ሙሉ አላስቀምጥ ስላለኝ ስጋት ነው።

ሣጥኑን አራት ሆነን አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ ወርክሾፕ፣ ሦስት ዓመት ደከምንበት። ሥራው መቁጠር ነው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የምድርን አየር ሲመታ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ነገሮች ይበተኑና እንደ ካፊያ በላያችን ላይ ይወርዳሉ፤ ቀንም ሌትም አያቋርጡም። ሣጥኑ በውስጡ የሚያልፉትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሳተላይት ላይ ከተገጠመ ደግሞ ጨረሩ ሲበረታ አጠገቡ ያሉት የምርምር መሣሪያዎች ጉዳት ሳያገኛቸው እንዲጠፉ ያስጠነቅቃል።

በሚመጣው ሳተላይት ላይ አንድ ቦታ ቀርቷል፤ የምንፈልገው እኛና አንድ ሌላ ቡድን ነን። ገምጋሚዎቹ ዓርብ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይወስናሉ። ከእኛ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ ቁጥሩ መጨመር አለበት፤ ይጨምራል ወይ? ሁለተኛ፣ ብርድ ይችላል ወይ? የመጀመሪያው ሣጥናችን ብርድ ሲነካው ቆጠራውን እየዘለለ ሰው ፊት አዋርዶናል። አዲሱን አዲስ አበባና አዳማ ሞከርነው፤ “ሌላ ቦታ ድገሙት” አሉን። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ሞቃት፣ ደሴ ከፍ ያለች ብርዳም፣ መሃላቸው አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ጓደኛችን ኑሩ የደሴ ልጅ ስለሆነ የአባቱን ቤት ሰጠን። እሱ እግሩን ተሰብሮ ተኝቶ ነበርና ጉዞው በእኔ ላይ ወደቀ።

ቅዳሜ

ባትሪው በአውሮፕላን አይጫንም ስለተባለ በአውቶቡስ ሄድኩ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። ረዳቱ “እኅቴ” እያለ ሣጥኑን ጣራ ላይ ካልጫንኩ አለ፣ እኔ ጭኔ ላይ ካላደረግሁ አልኩ፤ በመጨረሻ በእግሮቼ መሃል አስቀምጬ ጉልበቴን አገጬ ሥር ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ጣርማ በር ላይ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በጉም ውስጥ እየዳበሰ አለፈ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሹራብ ለማውለቅ እስከ ቀትር ይጠበቃል፤ እዚህ ቁልቁል መውረድ ብቻ ይበቃል።

ከዚያ አለፍ እንዳልን ፍተሻ ላይ ወረድን። ፖሊሱ ሣጥኑን አየና ገመዶቹን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ማህተም ያለበት ደብዳቤዬን አውጥቼ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የሚቆጥር መሆኑን ሳስረዳ ነገሩን አባስኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሸምገል ያሉ ሰው ትዕግሥታቸው አለቀና “ቆጣሪ ነው፤ የመብራት ቆጣሪ” አሉት። ፖሊሱም ለእነሱ መንደር ቆጣሪ ከተጠየቀ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የእናቱ ቤት እስካሁን መብራት ከጎረቤት እንደሚቀጥል እያማረረኝ አሳለፈን። ይቅርታ ጠየቅሁት። ምን ላድርግ?

ኮምቦልቻ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባን። አልማዝ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። የአዲስ አበባ ጎረቤቴ ታናሽ እኅት ናት፤ ከዚያ ቀን በፊት ተያይተን አናውቅም። ከገጠር መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠረች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አልጋዋን ለእኔ አንጥፋ እሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋች፤ ብከራከራትም አልሰማችኝም። ሣጥኑን አምስት አባወራ በሚጋራው ግቢ መሃል፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ አስቀመጥነው። ጎረቤቶቿ የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን ሳይጠየቁ ወደ ጥግ አዛወሩ።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ሥራ አልነበረኝም፤ ሣጥኑ ነው የሚሠራው። እኔ ግን በየግማሽ ሰዓቱ ላፕቶፔን እየሰካሁ አያለሁ። የቁጥሩ መስመር ሳይወጣ ሳይወርድ ቀጥ ብሏል፤ ቀጥ ማለቱም አላስደሰተኝም፤ መቼ ነው የሚበላሸው እያልኩ እጠብቃለሁ። ረፋዱ ላይ የጎረቤት ዶሮ ሣጥኑ ላይ ወጥታ ተመቻችታ ተቀመጠች። ሮጬ ሳባርር ግቢው ሁሉ ሳቀብኝ።

አልማዝ ከፋብሪካ ስትመለስ ሽሮ በቃሪያ አቀረበችና እየበላን ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። ብዙ የሽመና ማሽን ብቻዋን ትጠብቃለች፤ ክር ሲበጠስ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል በጆሮዋ ትለያለች። ማሽን ሲያስቸግር ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። መጀመሪያ የምትጠይቀው ማሽኑን ሳይሆን መጨረሻ የነካውን ሰው እንደሆነ ነገረችኝ። ሣቅሁና ወደ ቁጥሬ ተመለስኩ።

ሰኞ

ጠዋት ከአልማዝ ተሰናብቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከመስኮቱ ውጭ ኮምቦልቻ ከታች እየጠበበች ሄደች። እኔ እይታው አልታየኝም፤ ኩርባው በዞረ ቁጥር የማስበው ከላያችን ስንት አየር እንደቀነሰ ነው።

ደሴ የደረስኩት በክፉ ቀን ነው። የእነ ኑሩ ሰፈር ሰኞ ገበያ በስሙ ቀን ባጃጅ አያስገባም። ሾፌሩ አንዱ ቅያስ አፍ ላይ አወረደኝና ከዚህ በእግር ነው አለኝ። ተሸካሚ ያዝኩ። ሣጥኑን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በእህል ጆንያ፣ በልባሽ ጨርቅና በዶሮ መሃል ሽው ሲል እኔ “ቀስ፣ ቀስ” እያልኩ በሰው ክርን እየተደቆስኩ ተከተልኩት። መርካቶ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መርካቶ ግን ሜዳ ነው፣ ቢያንስ አቀበት እየወጣህ አትጋፋም።

ሐጂ ይማም በር ላይ ቆመው ነበር። የኑሩ አባት ሰባን ያለፉ ረጅም ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ምድር ቤታቸው ውስጥ እህል ያስቀምጣሉ። ባለቤታቸው እማማ ፋጡማ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ሻሂ በቅርንፉድ አስጨበጡኝ፤ አዲስ አበባ ሻይ የሚባለው ነገር እሳቸው ዘንድ ውሃ ነው። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ምድር ቤቱ መጋዘን፣ ከላዩ መኖሪያው፣ ከመኖሪያው በላይ ዙሪያው የታጠረ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣራ። ደረጃው በጓሮ በኩል ነው። ሣጥኑን ጣራው ላይ አስቀምጬ እግሮቹ ያረፉበትን በጠመኔ አሰመርኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሐጂ ዕቃሽን እናስገባው አሉኝ። ውጭ ማደር እንዳለበት፣ የመጣሁትም ለዚያ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዴ ሣጥኑን፣ አንዴ እኔን አዩና “እሺ ልጄ” አሉ። እኔ እሺ ሲባል ነገር ያለቀ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ራት በልቼ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ተኛሁ። የደሴ የታኅሣሥ ብርድ የኛን እንጦጦ ያስንቃል።

ማክሰኞ

ፀሐይ ስትሞቅ ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ። የሰኞ ከሰዓት ቁጥር ከኮምቦልቻ በልጦ፣ ልክ በስሌታችን መጠን ከፍ ብሏል። ለኑሩ ደውዬ አበሠርኩት። ገና እያወራሁ ወደ ምሽቱ ቁጥሮች ወረድኩና ወሬዬን አቋረጥኩ። ቁጥሩ ከጀምበር ግባት በኋላ ቀንሷል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀንሷል። እንደዚያው ዝቅ እንዳለ አድሮ ሲነጋ ተመልሷል። ብርዱ ነው፤ የድሮው በሽታ ነው።

ደግሞ ሣጥኑ ላይ ያለው ቴርሞሜትር። እኔ በሁለት ብርድ ልብስ ስንቀጠቀጥ ያደርኩበትን ሌሊት እሱ ሞቃት ነበር ይላል። እሱም ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። አንድ ጊዜ ነገር ሲበላሽ ሁሉም ነገር የተበላሸ ይመስለኛል፤ ይህን አመሌን እናቴም ታውቀዋለች። ቀኑን ሙሉ ብሎን ፈትቼ ብሎን አጠበቅሁ። እማማ ፋጡማ ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ሦስተኛውን ሳሕኑን ራሳቸው ጣራ ላይ ይዘውልኝ መጡ፤ እየተቆጡም አጎረሱኝ።

ረቡዕ

ያው ነው። ቀን ልክ፣ ማታ ዝቅ። በማክሰኞው ምሽት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን እስከ ታች። በሽታው እየጠና መሰለኝ።

መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ፒያሳ ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወረድኩ። ፉል ቤት ገብቼ አዝዤ ሳልበላ ወጣሁ። ከቀትር በኋላ አንድ ካፌ ተቀምጬ ሥራችንን ለገምጋሚዎቹ ለሚያቀርበው ለአለቃችን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መሣሪያው ብርድ እንደማይችል፣ ከውድድሩ ብንወጣ ክብራችን እንደሚሻል፣ ቦታው ለሌላው ቡድን ይሁን ብዬ። ኑሩን አላማከርኩም። ሦስቱ ጓደኞቼ ሦስት ዓመት የለፉበትን እኔ በአንድ ሻይ ዕድሜ ፈረድኩበት። የመላኪያውን ቁልፍ እንደጫንኩ እፎይ አልኩ፤ እፎይታው ግን የቤቱን ደረጃ ወጥቼ ሳልጨርስ ሸሸኝ።

ሐሙስ

ስጋቱ ከወትሮው ቀድሞ ቀሰቀሰኝ። ሊነጋጋ ሲል ሣጥኑን በብርዱ ውስጥ እያለ ላየው ብዬ ወደ ጣራው ወጣሁ። ሣጥኑ የለም። የጠመኔው መስመር ብቻ አለ።

ተሰረቅሁ ብዬ ደረጃውን በባዶ እግሬ ወረድኩት። የመጋዘኑ በር ክፍት ነው፤ መብራት በርቷል። ሣጥኔ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ሐጂ ይማም ከሱብሂ ሶላት መመለሳቸው ነበር፤ ጋቢውን ገፈው ወደ ላይ ሊያወጡት ሲዘጋጁ ደረስኩባቸው።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳቸው። ውጭ ይደር አላልኩም ወይ አልኩ። አባቴ በሚሆን ሰው ላይ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ጮህኩ። ይህን ስጽፈው አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል።

እሳቸው አልተቆጡም። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና “አንቺ ቤቴ ገብተሽ ዕቃሽ ደጅ ሊያድር?” አሉኝ። “ወላሂ፣ ይህ ከእኔ አይሆንም። እንግዳ ደግሞ አይሞገትም። እሺ አልኩሽ፤ ጎህ ሲቀድ ከቦታው እመልሰዋለሁ፣ አንቺም ቅር አይልሽም ብዬ።”

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው አሥራ ሁለት ኪሎ ሣጥን ሦስት ምሽት አወረዱ፤ በየማለዳውም አወጡ፤ በጠመኔዬ መስመር ላይ ሳያዛንፉ እየመለሱ። እኔ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ደብዳቤውን ልኬዋለሁ፤ ብርድ አይችልም ያልኩት ሣጥን አንድም ሌሊት ብርድ አላየም። ቴርሞሜትሩም ጤነኛ ነበር።

እማማ ፋጡማ ድምፄን ሰምተው ወረዱ። እሳቸውም ያውቁ ኖሯል። “አብሽሪ” እያሉ ጀርባዬን ሲያሹኝ ስለ መጀመሪያው ምሽት ነገሩኝ። ሐጂ ሰኞ ጀምበር ገብታ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ሣጥኑን አውርደው ፎቁ ላይ መኝታ ክፍላቸው አስገብተውት ነበር፤ ዒሻ ተሰግዶ ሊተኙ ሲሉ ግን እማማ ፋጡማ ከሚጠቃቀስ ነገር ጋር አልተኛም ስላሉ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ከዚያ ወዲህ በቀጥታ ወደ መጋዘን ነው የሚሄደው።

ማልቀሴን አቆምኩ። ላፕቶፔን አምጥቼ ጆንያው ላይ ከፈትኩ። ሰኞ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ። ከዒሻ በኋላ፣ ሁለተኛ ደረጃ። ማክሰኞና ረቡዕ፣ ከመግሪብ በኋላ በአንድ ጊዜ እስከ ታች። ሁሌም ከሱብሂ በኋላ ወደ ላይ። ኮንክሪትም እንደ አየር ጨረሩን በከፊል ያግዳል። ሣጥኑ አንድ ጣሪያ ሥር መግባቱንና ሁለት ጣሪያ ሥር መግባቱን ለይቶ ቆጥሯል፤ እማማ ፋጡማ ከክፍላቸው ያባረሩበትን ሰዓት ሳይቀር።

ለሐጂ አስረዳኋቸው። ጣቴን ተከትለው መስመሩን ሲያዩ ቆይተው፣ ታዲያ የት እንዳደረ ያውቃል ማለት ነው አሉ። አዎ አልኳቸው። ማሻአላህ አሉና ለባለቤታቸው ደግመው አስረዷቸው፤ ከእኔ የተሻለ።

አለቃችን ስልኩን ሲያነሣ ደብዳቤዬን እያነበበ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ከፍታውን በተመለከተ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እንደማይጠይቅ ነገረኝ። “ብርዱ ግን” አለ፣ “ገና አልተሞከረም። ደብዳቤሽን እስከ ነገ አራት ሰዓት እይዘዋለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።” የቀረን አንድ ሌሊት ነው።

ሐጂን መጠየቅ ጨነቀኝ። ምሳ አለፈ፣ ዐሥር ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ጣራው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው፤ ሦስት ዓመት መሥራታችንን፣ የኑሩ ድካምም እንዳለበት፣ ዛሬ ብርድ ካላየ ነገ እንደምንወድቅ። በዚህኛው ጊዜ ቶሎ እሺ አላሉኝም። ጤዛ ይጎዳው እንደሆነ ጠየቁ፤ አይጎዳውም አልኩ። ሰው ቢነካውስ አሉ፤ ማንም መንካት የለበትም አልኩ። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው “ይደር” አሉ። ቃሉ ከብዷቸው እንደወጣ ያስታውቅ ነበር።

ዓርብ

ከሁሉ ቀድሜ የተነሣሁ መስሎኝ ነበር። ላፕቶፔን ታቅፌ ጣራው ላይ ስወጣ ጎህ ቀዷል፤ ጉም የለም፣ ጦሳ ከነሙሉ ቁመቱ ፊት ለፊት ቆሟል። ሣጥኑ ጤዛ ለብሶ በመስመሩ ላይ ተቀምጧል። ከእሱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ሐጂ ይማም በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ራሳቸውን በሻል አስረው፣ መስገጃቸውን አጠገባቸው አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እዚያው አድረው እዚያው ሰግደዋል።

አልነካሁትም አሉኝ፣ ገና አንድ ቃል ሳልናገር። የእንግዳ ዕቃ ብቻውን ደጅ ከሚያድር አብሬው ልደር ብዬ ነው አሉ። ጉንጫቸው ከብርዱ የተነሣ አመድ መስሏል፤ እኔ ደግሞ ሙሉ ሌሊት በሁለት ብርድ ልብስ ተኝቼ በርዶኛል ብዬ ስገላበጥ ነው ያደርኩት። አፈርኩ፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው ቤት በመግባቴ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። ውጤቱን ለአራት ሰዓት አደረስኩ፤ አለቃችን ደብዳቤዬን አጠፋው፤ ቦታው የእኛ ሆነ። ኑሩ ከአልጋው ላይ ሆኖ ጮኸ ይላሉ። ይህ ሁሉ ግን በኋላ ነው። እኔ የማልረሳው ጣራው ላይ ላፕቶፑን ከፍቼ መስመሩን በጣቴ ስከተል ነው። መግሪብ፣ ቀጥ። ዒሻ፣ ቀጥ። ቴርሞሜትሩ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ሱብሂ ሲደርስ በረዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ቆጠራው ግን ቀጥ እንዳለ ነው፤ አንዲት አልዘለለም።

ሐጂ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ስክሪኑን ያያሉ።

“በረደው?” አሉኝ።

“አልበረደውም፣ አባቴ።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በእኔ ትከሻ ተደግፈው፣ ቀስ ብለው ተነሡ። “እኔን ግን በርዶኛል። ነይ እንውረድ፣ ፋጡማ ሻሂ ታፍላልን።”